ስኳር ላለበት ሰው ኢንፍራሬድ ሳውና ልብን ይጠቅማል ወይስ ያሰጋል?

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ዓይነት 2 ስኳር አለብኝ። ሜትፎርሚንና የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። እህቴ ቤት ውስጥ የሚቆም ኢንፍራሬድ ሳውና፣ ማለትም ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት በጨረር የሚያሞቅ የእንጨት ሳጥን ገዝታ እኔንም ግባ ግባ እያለችኝ ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት ሳውናው ልብን እንደሚያጠነክር፣ በልብ ህመም የመሞት እድልን በግማሽ እንደሚቀንስ፣ ስኳርንም እንደሚያስተካክል ይናገራል።

የልብ ነገር ለእኛ ቀልድ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው በልብና በደም ስር ህመም የመያዝ እድሉ ከሌላው ሰው እጥፍ ገደማ ነው። የሚረዳ ነገር ካለ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። ግን ሁሉንም ነገር አድናለሁ የሚል ወረቀት አያሳምነኝም። ሁለት ነገር ንገሩኝ። ለልብ ይጠቅማል የሚባለው ወሬ መነሻው ምንድን ነው? ስኳር ያለበት ሰው ከገባስ ምን ምን መጠንቀቅ አለበት? የሞከራችሁም፣ ያነበባችሁም ጻፉልኝ።

ማሳሰቢያ፦ መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ፤ መሀል ላይ ደግሞ ጭቅጭቅ ገባበት። ከታች የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ አሰባስቤያቸዋለሁ። አንዳንድ ቦታ የራሴን አስተያየትም ጣል አድርጌያለሁ።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ በትህትና ሰላምታ ሰጥቶ ተሞክሮውን አካፈለ። እሱም ዓይነት 2 ስኳር አለበት። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ኢንፍራሬድ ሳውና ይገባል። እንቅልፉ እንደተሻለለት፣ የወገብ ህመሙ ቀለል እንዳለለት፣ ከወጣ በኋላ ግፊቱን ሲለካ ዝቅ ብሎ እንደሚያገኘው ጻፈ። ስለ ልቡ ግን ምንም አላለም። ያየውን ብቻ መጻፉን ወደድኩለት።

መልስ 2፦ ወረቀቱ ላይ ያለው የግማሽ ነገር ከየት እንደመጣ ያስረዳችን ሁለተኛዋ መላሽ ናት። ምንጩ የፊንላንድ ጥናት ነው፤ በ2015 ጃማ ኢንተርናል ሜዲሲን በተባለ የህክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። በምሥራቅ ፊንላንድ የሚኖሩ 2,315 ጎልማሳ ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታተለ። በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት አንዴ ብቻ ከሚገቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብና በደም ስር ህመም መሞት በ50 በመቶ ቀንሶ ታየባቸው። ድንገተኛ የልብ ሞት ደግሞ በ63 በመቶ ቀነሰ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገኝ ሻጮች ቢሻሙበት አይገርምም።

መልስ 3፦ ሦስተኛው ወዲያው አረማት። ፊንላንዶቹ የገቡበት ሳውና ድንጋይ የሚግልበት፣ አየሩ 80 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ነው። ኢንፍራሬድ ሌላ ነገር ነው። ጨረሩ ቆዳን በቀጥታ ስለሚያሞቅ የክፍሉ አየር ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ቢሆን ይበቃዋል። የአንዱን ውጤት ወስዶ ለሌላው ማስታወቂያ ማድረግ ሰውን ማታለል እንደሆነ በጠንካራ ቃል ጻፈ። ጥናቱ ወንዶችን ብቻ ማየቱንም አነሳ። ሌላም ነገር አለ። ጥናቱ ሰዎቹን ተከታተለ እንጂ እጣ አውጥቶ ግማሹን አስገብቶ ግማሹን አላስቀረም። በየቀኑ ሳውና የሚገባ ሰው መጀመሪያውኑ አቅም ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ ጤናው የተሻለ ሊሆን ይችላል።

መልስ 4፦ ሁለተኛዋ ተመልሳ እርማቱን ተቀበለች። አንድ ነገር ግን ጨመረች። ተመራማሪዎቹ እድሜን፣ ማጨስን፣ ግፊትን፣ ኮሌስትሮልን፣ የአካል እንቅስቃሴንና ስኳርን ጭምር በስሌቱ አካትተዋል። ስለዚህ ነገሩን እንዳለ መጣል እንደማይገባ አሳሰበች። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጥናቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ግን እህቴ ቤት ስለቆመው ሳጥን የሚናገረው ነገር የለም።

መልስ 5፦ ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ኢንፍራሬድን በቀጥታ ለልብ በሽተኞች የሞከሩት ጃፓኖች እንደሆኑ የተረዳሁት ከዚህ ነው። በካጎሺማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቹዋ ቴይ የጀመሩት ዋኦን የሚባል ህክምና አለ። በሽተኛው 60 ዲግሪ በሆነ የኢንፍራሬድ ክፍል ውስጥ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ሲወጣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ 30 ደቂቃ ይተኛል። በላብ የወጣውንም ያህል ውሃ ይጠጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሀኪም እያየ ነው።

በ2001 በወጣ አንድ ጥናት፣ ለልብ ህመም የሚያጋልጥ ነገር ያለባቸው 25 ወንዶች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይህን አደረጉ። የክንዳቸው ደም ስር ደም ሲበዛበት የመስፋት አቅሙ ከ4 ወደ 5.8 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ይህ ለእኛ ትርጉም አለው። ስኳር መጀመሪያ ከሚያበላሻቸው ነገሮች አንዱ የደም ስር የውስጥ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እያመነጨ ደም ስሩን ያላላዋል። ሙቀት ይህን ያነቃቃል ተብሎ ይታሰባል።

እዚሁ መልስ ላይ ግን ሌላው ገጽም ተነስቷል። በ2016 በጃፓን በርካታ ሆስፒታሎች፣ የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ እጣ ወጥቶ ለ10 ቀን ተሞከረ። ተመራማሪዎቹ በዋናነት ሊለኩት ያሰቡት በደም ውስጥ የሚገኝ የልብ ድካም ምልክት ነበር። በእሱ በኩል በሁለቱ ቡድኖች መካከል ውሃ የሚያነሳ ልዩነት አልተገኘም። ሰዎቹ የሚራመዱት ርቀትና የሚሰማቸው ስሜት ግን ተሻሽሏል። መላሹ ጥሩውንም መጥፎውንም ሳይደብቅ ስላቀረበ አመሰግነዋለሁ።

መልስ 6፦ ስድስተኛዋ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገውን ለይታ አወጣች። ብዙ አይደለም። በ1999 ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው 8 ሰዎች በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለሦስት ሳምንት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀመጡ። የጠዋት ስኳራቸው በአማካይ ከ182 ወደ 159 ወረደ። በ2010 የወጣ ሌላ አነስተኛ ሙከራ ደግሞ ኢንፍራሬድ ሳውናን ተጠቅሞ ሰዎቹ ኑሯቸው ቀለል እንዳላቸው አገኘ። የመጀመሪያው ሳውና እንኳ አይደለም፤ ሁለተኛው ደግሞ የለካው ስሜትን እንጂ ልብን አይደለም። ስምንት ሰው ላይ ተመስርቶ መድኃኒት መቀየር እብደት መሆኑን በአጭሩ ጽፋ ወጣች።

መልስ 7፦ እዚህ ጋ ነገሩ ጦዘ። ሰባተኛው ሐኪሞችና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ሳውናን ሆን ብለው እንደሚያጣጥሉ ከሰሰ። እሱ በላብ መርዝ ስላወጣ ስኳሩ እንደተስተካከለ፣ የኮሌስትሮል ኪኒኑንም ካቆመ ወራት እንዳለፉ ተናገረ። ሌሎችም እንዲያቆሙ መከረ።

መልስ 8፦ ስምንተኛዋ አልማረችውም። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው እንደሆነ፣ ደምን የሚያጣሩት ኩላሊትና ጉበት እንደሆኑ ሳትለሳልስ ነገረችው። ከዚያ በቁጥር ሄደችበት። ካርድስ የተባለው የ2004 ጥናት ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸውን፣ ቀድሞ የልብ ህመም ያልያዛቸውን 2,800 ያህል ሰዎች አሳትፏል። በቀን 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል ኪኒን የወሰዱት ላይ ከባድ የልብና የአንጎል ደም ስር አደጋ በ37 በመቶ ቀነሰ። የዴንማርኩ ስቴኖ 2 ጥናትም በ2003 ያሳየው ስኳርን፣ ግፊትንና ኮሌስትሮልን አንድ ላይ አጥብቆ መያዝ የልብ አደጋን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ነው። ሁለቱም የተፈተኑት እጣ በወጣላቸው፣ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። በግማሽ መቀነስ የሚፈልግ ካለ ይኸው እጁ ላይ እንዳለ አሳየችው።

ቃሏ የከረረ ቢሆንም ከእሷ ጋር ነኝ። አንድ ሰው ይህን የውይይት ክር አንብቦ ኪኒኑን ቢያቆም በጣም አዝናለሁ። ሳውናው ቢጠቅምም በኪኒኑ ላይ ይጨመራል እንጂ ኪኒኑን አይተካም።

መልስ 9፦ ሰባተኛው ተመልሶ ተሳደበ። አስተባባሪው ግማሹን አጠፋው። የቀረው የሚጠቀስ ነገር የለውም።

መልስ 10፦ ክሩን ወደ ቁም ነገሩ የመለሱልን ለረጅም ዓመታት ኢንሱሊን የሚወጉ አንድ አባት ናቸው። ጭናቸው ላይ ተወግተው ብዙም ሳይቆዩ ኢንፍራሬድ ሳውና ገቡ። ትንሽ ቆይተው ላብ አጠመቃቸው፣ ልባቸው መምታት ጀመረ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው። የሙቀቱ ነገር መስሏቸው ጊዜው እስኪያልቅ ለመቆየት ወሰኑ። ልጃቸው በሩን ከፍቶ ሲያናግራቸው ቃላቸው ተኮላተፈበት። አውጥቶ ለካቸው፤ ስኳራቸው 48 ነበር። ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በጥብጦ ሲያጠጣቸው ብርጭቆው እጃቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር ጽፈዋል። በር የሚከፍት ሰው ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ እንደማይፈልጉም አከሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ሳውናው ለልብ ይጠቅማል አይጠቅምም እያልን ነበር። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ተቀየረ። ሙቀቱ ሰውነት አደጋ ሲያይ የሚሰጠውን ምልክት ይሸፍናል። ላብ፣ የልብ ምት፣ ድካም፣ ማዞር ሁሉ ስኳር ሲወርድም ይመጣሉ፣ ሳውና ውስጥም ይመጣሉ። በስሜት መለየት አይቻልም፤ የሚለየው መለኪያው ብቻ ነው።

መልስ 11፦ ቀጣዩ ምክንያቱን አብራራ። ሙቀት በቆዳ ስር ያሉትን ደም ስሮች ስለሚከፍት የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ይህን የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ1980 ለክተው አሳይተዋል። የሳውና ሙቀት የኢንሱሊንን መሰራጨት በጣም ያፈጥነዋል። ስለዚህ ከምግብ ጋር የሚወሰደውን ፈጣን ኢንሱሊን ተወግቶ መግባት አይገባም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም ማለት ይቻላል። ግሊቤንክላሚድና መሰሎቹ የስኳር ኪኒኖች ግን ያወርዳሉ። ከመግባት በፊትም ከወጡ በኋላም መለካት፤ ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ቶሎ የሚመጠጥ ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት እንደሚገባ አስታወሰን።

መልስ 12፦ አንዲት ፋርማሲስት አጭር ግን ከባድ ነገር ጨመረች። ለልብና ለግፊት የሚሰጡት ቤታ ብሎከር የሚባሉ መድኃኒቶች ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ ይደብቃሉ። የማይደብቁት ላብን ነው። ሳውና ውስጥ ደግሞ ላብ ምልክት መሆኑ ቀርቷል። ሽንት የሚያበዙ ኪኒኖችና ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት እንደ ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶች ቀድሞውኑ ውሃ ያስወጣሉ፤ ላብ ሲጨመርበት ሰውነት ይደርቃል፣ ግፊት ይወድቃል። ለደረት ውጋት ናይትሬት የሚወስድ ሰውም ግፊቱ ድንገት ሊወርድበት ይችላል። እነ ኢምፓግሊፍሎዚንን ለሚወስድ ሰው ድርቀት ሌላም መዘዝ አለው፤ ስኳር ሳይበዛ እንኳ ደም በኪቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል።

መልስ 13፦ የእግሩ መደንዘዝ የቆየ አንድ ወንድማችን የደረሰበትን ተናገረ። ኢንፍራሬድ ሳውናዎች ብዙ ጊዜ ከባት ጀርባና ከወለል በታች ማሞቂያ አላቸው። ተረከዙን ማሞቂያው ላይ ደግፎ ተቀመጠ። ምንም አልተሰማውም። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ጨርቁ ተረከዙ ላይ ተጣብቋል። እርጥበት መስሎት ሳብ ሲያደርገው የውሃ ቋጠሮው ቆዳ አብሮ ተላጠ። ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ። ለልቡ ብሎ የገባ ሰው እግሩን ሊያጣ ምን ቀረው? እግሩ ለሚደነዝዘው ሁሉ ማሞቂያውን እንዳይነካ፣ ወፍራም ፎጣ እንዲያነጥፍ፣ ሲወጣም የጣቶቹን መሀል ድረስ እያየ እንዲፈትሽ መከረ።

መልስ 14፦ ነርስ የሆነች እህታችን የ13ን ነገር ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ስኳር የሚጎዳው የእግርን ነርቭ ብቻ አይደለም። ልብን፣ ግፊትንና ላብን የሚቆጣጠሩትንም ነርቮች ይጎዳል። እንዲህ የሆነበት ሰው እግሩ ላይ ላያልበው፣ ፊቱና ደረቱ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ሊያልበው ይችላል። ሰውነቱ በደንብ አይቀዘቅዝም። ሲነሳ ግፊቱ ይወድቅና ያዞረዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ልቡ ደም ሲያጥረው ደረቱን ላያመው መቻሉ ነው። ሌላው ሰው አመመኝ ብሎ በሚወጣበት ሰዓት እሱ ተመችቶት ሊቀመጥ ይችላል።

ጭራሽ መግባት የሌለባቸውን ስትናገር አልተለሳለሰችም። በቅርቡ የልብ ጥቃት የደረሰበት፣ ተቀምጦ እያለ እንኳ ደረቱን የሚወጋው፣ ደም ከልቡ ወደ ሰውነቱ የሚወጣበት በር በጣም የጠበበበት፣ የልብ ድካሙ ያልተረጋጋ፣ ትኩሳት ያለው፣ እግሩ ላይ ክፍት ቁስል ያለበት። አልኮል ጠጥቶ መግባትም ያው ነው፤ በሳውና ውስጥ ለሚደርስ ሞት አልኮል የታወቀ ምክንያት ነው።

መልስ 15 እና 16፦ ከዚህ በኋላ ወሬው ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። አንዱ የኢንሱሊን ብዕሩን በቦርሳው ውስጥ እሳውናው ክፍል ድረስ ይዞ እንደሚገባ ሲጽፍ፣ ቀጣይዋ ደንገጥ ብላ አስቆመችው። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም። ክንድ ላይ የሚለጠፉት የስኳር መለኪያዎችም ብዙዎቹ ከ45 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ የታሰቡ ስላልሆኑ እዚያ ውስጥ የሚያሳዩት ቁጥር አያስተማምንም። ወጥቶ ቀዝቀዝ ብሎ ጣት ወግቶ መለካት ይሻላል።

መልስ 17፦ አሥራ ሰባተኛው ይህ ሁሉ ጣጣ ሰው በእግሩ መሄድ ስለሰነፈ የመጣ እንደሆነ ጻፈ። ግማሽ ሰዓት መራመድ ከየትኛውም ሳውና እንደሚበልጥ፣ ስንፍናን በእንጨት ሳጥን መሸፈን እንደማይቻል አከለ።

መልስ 18፦ ምላሹ የመጣው እግሯ ከተቆረጠ እናት ልጅ ነው። እናቷ መራመድ እንደማትችል፣ የልብ ድካምም እንዳለባት፣ ሳውናን የጠየቀችው ሌላ አማራጭ ስላጣች እንደሆነ ገለጸች። የሰውን ሁኔታ ሳያውቁ ሰነፍ ማለት ነውር መሆኑን በቀጥታ ነገረችው። ይገባዋል። ደግሞም ጃፓኖቹ ህክምናውን ያሰቡት እንቅስቃሴ ለሚከብዳቸው የልብ በሽተኞች ነው። አሥራ ሰባተኛው ቆይቶ ይቅርታ ጠየቃት። እኔም እናቷ በሀኪም ክትትል የሚሰጥ ቦታ እንድታገኝ ከልቤ እመኛለሁ።

መልስ 19፦ ብዙ የማይጽፍ አንድ አባል በ2023 ስለወጣ የካናዳ ሙከራ ነገረን። የልብ ደም ስር ህመም ያለባቸው ሰዎች እጣ ወጥቶላቸው ግማሾቹ ለ8 ሳምንት በሳምንት 4 ጊዜ የፊንላንድ ዓይነት ሳውና ገቡ። የደም ስራቸው የመስፋት አቅም አልተሻሻለም። መድኃኒታቸውን በደንብ የሚወስዱ ስለነበሩ ሊሆን ይችላል የሚል ግምቱን ሰጠ። ይህን ከመልስ 5 ጎን አስቀምጡት። ገና ብዙ ያልታወቀ ነገር ስላለ የሻጩን ወረቀት በዚህ ዓይን ማንበብ ያስፈልጋል።

መልስ 20፦ ነርሷ እኔን በስም ጠርታ ተመለሰች። ሀኪም ጋ ስሄድ ምን እንደማስለካ ነገረችኝ። አምስት ደቂቃ ጋደም ብሎ ግፊትን መለካት፣ ከዚያ ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መለካት። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ቆሜ የሚወድቅ ግፊት አለኝ ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሙቀቱ የበለጠ ይጥለኛል። እግሬ ስሜት እንዳለው በቀጭን የናይለን ክር እንዲፈተሽ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራም እንዲነሳልኝ እንድጠይቅ መከረችኝ። ከተፈቀደልኝ ደግሞ በትንሹ እንድጀምር፣ አሥር ደቂቃ፣ ሙቀቱ ዝቅ ብሎ፣ ሰው ቤት ውስጥ እያለ፣ ስወጣም ቁጭ ብዬ እንድቆይ። ቀጠሮዬን ይዣለሁ፤ የምወስዳቸውን ኪኒኖችም በወረቀት ጽፌያቸዋለሁ። እስኪ የመቆሚያ ግፊታችሁን አስለክታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ውጤቱን እዚህ ጻፉ፤ በተለይ እግራችሁ የሚደነዝዛችሁ።